ጌታ ሲናገር አሳላፊ አይንቀሳቀስም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ እኔን አስቀምጣ ማብላት ተስኗታል። ቤታችን እንግዳ ከመጣ አልቀመጥም። ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብዬ፣ እጄን ከፊት አጣምሬ እቆማለሁ። ግድግዳ መደገፍ ለአሳላፊ ነውር ነውና እሱን እንኳ አላደርገውም። «ምነው አንተ ሰው! የገዛ ቤትህ አይደለም እንዴ? ቁጭ በል እንጂ!» ትለኛለች። እሺ ብዬ እቀመጣለሁ። ትንሽ ቆይቶ የእንግዳው ብርጭቆ ጎደል ሲል ሳላውቀው ተነሥቼ እገኛለሁ። ከሥራ ያስወጣኝ ጉልበቴ ነው፤ ጉልበቴ ግን ጡረታ መውጣቱን ገና አልሰማም።

በሆቴል የሚሠሩ ጎረምሶች አንዳንዴ እየመጡ «ጋሼ፣ እስቲ የድሮውን አሠራር ያጫውቱን» ይሉኛል። ሳህን እንዴት እንደሚያዝ፣ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚለብስ እነግራቸዋለሁ። እጅን በተመለከተ የማውቀውን አልሰሰትሁም። አፍን በተመለከተ ግን ያየሁትን ለማንም አጫውቼ አላውቅም። አሁን ልናገረው ነው፤ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

አገሬ ማክሰኝት ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነበር፤ እኔ ግን ጆንያ መሸከም አልወደድሁም፤ ጣሊያን ከወጣ ትንሽ ቆይቶ ጎንደር ገባሁ። ያኔ ጣሊያኖቹ ሠርተውት የሄዱትን አንድ ሆቴል አንድ የግሪክ ሰው ይዞት ነበር። ሙሴ ስታቭሮ እንለዋለን። በፊቱ አንቱ፣ ከኋላው አንተ ነበር የምንለው፤ ይኸው ዛሬም ከኋላው ስለሆንሁ አንተ እለዋለሁ። አጭር፣ ሆዱ የቀደመ፣ ጮክ ብሎ የሚናገር፣ ወዲያው ደግሞ የሚረሳ ሰው ነበር። መጀመሪያ ሳህን አጣቢ አደረገኝ። ደመወዙ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ምሳና እራት ግን አለ፤ በዚያ ላይ ነጭ ኮት የሚለብሱትን አሳላፊዎች በበሩ ቀዳዳ እያየሁ እቀና ነበር።

የአሳላፊዎቹ አለቃ አያ ደምሌ ነበሩ። አያ ደምሌ አሳላፊነትን የተማሩት ሆቴል አይደለም። ያደጉት በአንድ ትልቅ ባላባት ግቢ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ውሃ እያስታጠቡ፣ ጠጅ እየቀዱ፣ አደግድገው እየቆሙ። ነጠላውን ወገባቸው ላይ አስረው ማለቴ ነው፤ ጌታ ፊት ነጠላ ተለቆ አይቆምም። ሆቴል ሲገቡ ሙሴ ነጠላውን አስወልቆ ነጭ ኮት አለበሳቸው። ኮቱን ለበሱት። ግን አንድ ትልቅ ሰው በበሩ በገባ ቁጥር እጃቸው ወደ ወገባቸው ትሄድና የሌለውን ነጠላ ትፈልጋለች። እኛ ከንፈራችንን ነክሰን እንስቅ ነበር።

ከሳህን አጣቢነት ያወጡኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሳህን ስደረድር አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ድምፅ አታሰማም። ና» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላቸው ሆንሁ። የሚያስተምሩት በቃል ብዙም አይደለም፤ ሳጠፋ እንኳ ዐይናቸውን ብቻ ያሳዩኛል። ከአፋቸው ከወጣው ግን የማልረሳው አለ። «ሳህን ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ድምፅ ካሰማ አሳላፊው ተናገረ ማለት ነው። አሳላፊ ደግሞ ሳይጠየቅ አይናገርም።» ሾርባ ሲያቀርቡ አውራ ጣታቸው የሳህኑን ከንፈር አይነካም። ጠጅ ሲቀዱ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። ሙሴ ይህን ሲያይ ጸጉሩን ነጨ። «ደምሌ! ፈረንጅ ፊት እጅህን አትላስ!» አያ ደምሌ እሺ አሉ። ፈረንጅ ፊት ተዉት። አገሬው ሲሆን ግን ጀርባቸውን ለሙሴ ሰጥተው ይቀምሱ ነበር።

ትልቁ ሙያቸው ግን ሌላ ነው። ለታላቅ ሰው ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ያውቁ ነበር፤ ወይም እንዴት እንደማይነገር። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» የሚለውን እኛ እንተርተዋለን፤ እሳቸው ይኖሩት ነበር። «የለም» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አልሰማሁም። እንግዳው የጣና ዓሣ ካዘዘ፣ ዓሣ ከሌለ፣ እሺ ጌታዬ ይሉና ይሄዳሉ። ትንሽ ቆይተው ዳቦ ያቀርባሉ። ደግሞ ቆይተው እንቁላል ጠብሰው ያመጣሉ። አገሬው ሲሆን ወዲያው ይገባዋል፤ «ዛሬስ እንቁላል ነው ያማረኝ» ይላል፤ ዓሣው ሳይነሣ፣ ማንም ሳያፍር፣ ሁሉም በልቶ ይሄዳል።

ፈረንጁ ግን ዓሣውን ይጠብቃል! አንዴ አንድ ጢማም ፈረንጅ ዳቦውንም እንቁላሉንም ብርቱካኑንም ጥርግ አድርጎ በላና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በመጨረሻ ጮኸ። ሙሴ ሮጦ መጣ። «ደምሌ! ዓሣ የለም በል! የለም! ቀላል ቃል!» አያ ደምሌ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና፣ ሙሴ ሲሄድ ወደ እኔ ዘወር ብለው «እንግዳ ፊት የለም ይባላል እንዴ? እንቁላሉን ሲያይ እሱ ራሱ አይረዳም?» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የገረማቸው።

የመጣ ምግብ ተበላሽቶ ወይም ለሌላ ሰው የታዘዘ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ቀስ ብለው ይጠጉና «ቀዝቅዟል ጌታዬ፣ ላሙቀው» ብለው ያነሡታል። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይህ ነው። ወጥ ቤቷ አላፈረች፣ ጋባዡ አላፈረ፣ እንግዳው አልጠረጠረ። በዚህች ቃል ስንት ጠብ ሲበርድ አይቻለሁ። እኔም እንደሳቸው ለመሆን ስመኝ ነበር የምውለው።

በሆቴሉ ውስጥ ቃል የራሱ መንገድ ነበረው። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ወዲያው ይደርሳል። ከታች የሚወጣው ግን ሽቅብ ነው። ወጥ ቤት ያለችው ለእኔ ትነግረኛለች፤ እኔ ለአያ ደምሌ፤ አያ ደምሌ ሲመቻቸው፣ ሙሴ ከበላና ከሳቀ በኋላ፣ ለሙሴ። እኔ አልፌ ለሙሴ ብናገር አያ ደምሌን መስደብ ነው። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ከእናታችን ቤት ይዘነው የመጣነው ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

አያ ደምሌ ያደጉበት ቤት ባላባት ልጅ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ሁላችን እሜቴ የምንላቸው፣ ለአንድ ጉዳይ ከአገራቸው ወደ ጎንደር መጥተው ነበር። ልጃቸው ፊታውራሪው ትልቅ ሹም ናቸው። መንገድ የሚሠሩ የውጭ አገር መሐንዲሶችን ምሳ ሊጋብዙ አሰቡና እናታቸውንም ወደ ሆቴሉ ይዘው ሊመጡ ፈለጉ። ሁዳዴ ገና የገባ ሰሞን፣ ዘወረደ ሳምንት ነው። እሜቴ ሆቴል የሚባል ነገር ገብተው አያውቁም፤ ጾማቸውን ደግሞ በሕፃንነታቸው እንኳ አልገደፉም ይባላል። እምቢ አሉ። ኋላ ግን «እዚያ ደምሌ አለ» ሲሏቸው «ደምሌ ካለማ እበላለሁ፤ የአባቴ ቤት ልጅ ነው፤ አያሳስተኝም» አሉ። ይህ ቃል ለአያ ደምሌ ሲደርሳቸው ያሳዩትን ፊት አልረሳውም። ኮታቸውን ራሳቸው አጠቡ፤ ለሌላ ሰው አላመኑትም።

ወጥ ቤቷ እትዬ ሙሉ ሁለት ድስት የምስር ሾርባ ጣደች፤ አንዱ ለፈረንጆቹ፣ አንዱ ለጾመኞቹ። ምሳው ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ነበር። ሙሴ ወጥ ቤት ገብቶ ክዳኖቹን እያነሣ አየ። የጾሙን ድስት ሲያይ ፊቱን አጨፈገገ። «ይህ ውሃ ነው። ለትልቅ እመቤት ውሃ?» አለና ከቆርቆሮ የፈረንጅ ቅቤ በማንኪያ ዝቆ ጨመረበት። ልብ በሉ፣ ክፋት አልነበረውም። በእነሱ ሥርዓት ያን ሳምንት ሥጋ እንጂ ቅቤ አይከለከልም ኖሯል፤ የእኛም እንደዚያው መስሎታል። እሜቴን ሊያከብር ብሎ ነው። እትዬ ሙሉ አፏን ከፈተች። ሙሴ ዘወር ብሎ አያት። አፏን ዘጋች። ጌታ ነዋ! በገዛ ወጥ ቤቱ ምን ትበለው?

ሾርባው ተቀድቶ ከወጣ በኋላ ግን ልቧ አላስቻላትም። እኔ ዳቦ ልወስድ ስገባ ክንዴን ያዘችኝ። «አስማማው፣ ሙሴ የጾሙ ሾርባ ላይ ቅቤ ጨምሮበታል። እሜቴ ሳይቀምሱት ለአያ ደምሌ ንገራቸው፤ በእመብርሃን!»

የዳቦውን ቅርጫት አንሥቼ ገባሁ። እሜቴ ከፊታቸው ሾርባ ተቀምጦላቸው ጸሎታቸውን ገና እያደረሱ ነበር። ከኋላቸው አያ ደምሌ ቆመዋል። ፊታውራሪው ተነሥተው ስለ መንገዱ ንግግር ጀምረዋል፤ አስተርጓሚው እያንዳንዱን ቃል ያረዝመዋል። ዳቦ የማስቀምጥ መስዬ ተጠጋሁና በአያ ደምሌ ጆሮ «አያ፣ ሾርባው ላይ ሙሴ ቅቤ ጨምሯል» አልሁ።

ፊታቸው አልተለወጠም። የዐይናቸው ቆብ ብቻ አንዴ ረገብ አለ፤ ሰምተዋል። እኔም እፎይ አልሁ። አሁን ጠጋ ብለው «ቀዝቅዟል እሜቴ፣ ላሙቀው» ይሉና ያነሡታል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ እርምጃ ነው። ግን ፊታውራሪው ይናገራሉ። ጌታ ሲናገር አሳላፊ አይንቀሳቀስም። በባላባቱ ግቢ ይህን ያልጠበቀ ይገረፍ ነበር፤ አያ ደምሌ በልጅነታቸው ተገርፈውበታል፣ ራሳቸው ነግረውኛል። እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄዳ ነጠላውን ፈለገች። ያን ጊዜ አልሳቅሁም።

እሜቴ አማትበው ማንኪያውን አነሡ። እናት ናቸውና ልጃቸው ሲናገር መብላት መብታቸው ነው። አንድ ጎረሱ። ቆም አሉ። ደግሞ ጎረሱ። ፊታውራሪው ስለ ድልድይ ይናገራሉ። እኔ በልቤ «ወይኔ አያ፣ ምነው! ምነው ዝም!» እላለሁ። ጮክ ብዬ ልናገር? እኔ? በፊታውራሪ ንግግር መሐል፣ አለቃዬ እያሉ? እንደዚህ ያለ ሐሳብ በዚያ ዘመን እንደ እብደት ነው፤ መጥቶ ራሱ ሸሸ።

ንግግሩ አለቀ፤ ተጨበጨበ። አያ ደምሌ ወዲያው ተራመዱ፤ ሳህኑ ግን ከተጋመሰ ቆይቷል። እሜቴ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ደምሌ፣ ሸጋ ሾርባ ነው። ምን ቢያደርጉበት ነው እንዲህ የጣፈጠ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ሰማ። ፊታውራሪው ፈገግ ብለው ጠበቁ፤ ሙሴም ከበሩ ሥር እጁን እያሻሸ ጠበቀ። አያ ደምሌ ጎንበስ አሉ።

«የሠሪዋ እጅ ነው እሜቴ» አሉ።

እሜቴ ትንሽ አዩዋቸውና «እንግዲያ አንድ ጊዜ ድገመኝ» አሉ። አያ ደምሌ «ወጡ መምጣቱ ነው እሜቴ፤ ለሱ ቦታ ይተዉለት» ብለው ሳህኑን አነሡ። ሁሉም ሳቀ። እሜቴም ሳቁ። እኔ ቅርጫቱን ይዤ ወጣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እትዬ ሙሉ አልቻለችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሜቴ ካረፉበት ቤት ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አያ ደምሌ ተጠሩ። ታላቅ ሰው ለይቅርታ ብቻውን አይሄድምና እኔን አስከተሉ። እንደ ደንቡ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ ያን የመሰለ ሽማግሌ! እሜቴ ከመደቡ ላይ ሆነው «ድንጋዩን አውርድ» አሉ። አወረዱ።

«ቅቤውን ንስሐ አባቴ ይፈቱታል» አሉ እሜቴ። «ሳላውቅ የበላሁት ነው። ግን የጠየቅሁህ ሾርባው ጣፍጦኝ መሰለህ? አፌን ቅቤ ቅቤ ሲለኝ ጊዜ ነው። በሰው ፊት ጋባዤን እንዳላሳፍር በዘወርዋራ ጠየቅሁህ። አንተ ይገባሃል ብዬ። ገብቶህማል!»

«እሜቴ፣ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ ነው…»

«አከበርኸኝ ወይስ ፈራኸኝ?»

አያ ደምሌ ያወረዱትን ድንጋይ አዩ። እኔ እስከ ዛሬ ብጠየቅ የምመልሰውን አላውቅም።

«የአባቴን ቤት ሰው ሁሉ ባላምን አንተን አምን ነበር። በል ሂድ። ከዐይኔ ራቅ» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ።

ሙሴ ነገሩን ሲሰማ ሁላችንንም ሰበሰበ። እንደ ልማዱ አልጮኸም፤ እሱ ነው የከፋኝ። «እኔ ጅብ ነኝ? እበላለሁ? ለምን አንድ ሰው አልነገረኝም? ሙሉ አየች። አስማማው ሰማ። ደምሌ ሰማ። ሁሉ ሰው ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም!» ሁላችን መሬት መሬት አየን። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ዝም ባለው አፍ ስንት ነገር ገባ!

አያ ደምሌ ያን ኮታቸውን አጥፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሙሴ ለመናቸው፤ የእሱ ጥፋት ነው ብሎ ማለ። እምቢ አሉ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኘኋቸው። «አስማማው፣ እሜቴ ይቅር ያሉኝ ዕለት እመለሳለሁ። ያለዚያ ግን ሰው ፊት ቆሜ እጄ ምግብ አያቀርብም። ሳልታረቅ ሞቼ እንዳልቀር ብቻ ነው የምፈራው» አሉኝ። ዳባት ግድም ወዳለው አገራቸው ገቡ።

እኔ በሳቸው ቦታ ተተካሁ። ኮቱ ሰፋኝ፤ ሥራውም ሰፋኝ። ኋላ ሙሴ ደባርቅ ላይ ወደ ስሜን ተራራ ለሚወጡ አዳኞችና ጎብኚዎች የእንግዳ ማረፊያ ሲከፍት እዚያ ሾመኝ። እልህ ይዞኝ ነበር። ሥሬ የሚሠሩትን ሰብስቤ «እዚህ ቤት የለም ይባላል። የተበላሸ ያየ ለእኔ በቀጥታ ይንገረኝ፤ እኔም ብሆን ያጠፋሁት ይነገረኝ» አልሁ። ሁሉም በአንድ ድምፅ እሺ ጋሼ አሉ። ብርዱ አጥንት በሚሰብር ወር የምድጃው ጭስ ማውጫ ተደፍኖ እንግዳ ሁሉ ሲያለቅስ ከረመ፤ ለካ ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። «ምነው አልነገራችሁኝም?» ብል «እርስዎ እያወቁ የተዉት መስሎን ነው» አሉኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ? አንዱ አሳላፊ ደግሞ ምክሬን ሰምቶ ለአንድ ቀኛዝማች «ሥጋ የለም» ቢል በጥፊ አጮሉት። ማታ ጉንጩን ይዞ መጥቶ ያየኝ አስተያየት! ከዚያ ወዲያ ለማንም ስለ ቀጥታ ንግግር መስበክ ተውሁ።

ዓመታት አለፉ። ወደ ጎንደር ተመልሼ እየሠራሁ ሳለ አንድ ቀን እሜቴ ከልጃቸው ቤት ሆነው አስጠሩኝ። ታመው ነበር፤ ዐይናቸውም ደክሟል። አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ያ ደምሌ አለ?»

«አለ እሜቴ፤ አገሩ ነው።»

«ምነው ሽማግሌ ሳይልክብኝ ቀረ?» አሉ። «አንድ ሰው ቢልክ ያን ጊዜውኑ እታረቀው ነበር። ስጠብቀው ኖርሁ።»

«ከዐይኔ ራቅ ስላሉት ነዋ እሜቴ። ፈርቶ ነው።»

እሜቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እኔ ልመናውን ስጠብቅ፣ እሱ ፈቃዴን ሲጠብቅ! ሂድ ንገረው። ይቅር ብየዋለሁ በለው። ሽማግሌውን ድንጋይ አሸክሜ በማዋረዴ እሱም ይቅር ይበለኝ።»

በማግስቱ ፈቃድ ወስጄ በጭነት ማኪና ዳባት ገባሁ፤ ከዚያ በእግር። ደስ ብሎኝ እየዘፈንሁ ነበር የሄድሁት፤ ብቻዬን በገደሉ አፋፍ የምዘፍን እብድ መስዬ።

አያ ደምሌ ከደጃቸው ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል። አማቾቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ከበዋቸዋል። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ፤ እግራቸው እምቢ አላቸው። ጉልበታቸውን ሳምሁ። «ይህ ልጄ ነው፤ የሙያ ልጄ» አሉ ለሰዎቹ። ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ስለ ሙሴ ጠየቁኝ። ስለ እትዬ ሙሉ ጠየቁኝ። የጠረጴዛው ልብስ አሁንም በየዕለቱ ይታጠብ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ እሜቴ ግን አልጠየቁም። አንዱ አማች በመሐል «አባታችን እኮ ሥራውን የተዉት ዕድሜ ሲጫናቸው ነው» አለኝ። አገሩ ምንም አያውቅም። ያኔ ሐሞቴ ፈሰሰ። «እሜቴ ይቅር ብለዎታል» ብል «ለምን? ምን አጥፍተው ነበር?» ሊባል አይደል? ታናሽ ሆኜ፣ በአማቾቻቸው ፊት፣ የታላቄን ነውር ልገልጥ?

ጨዋታው ቀዘቀዘ። አያ ደምሌ በከዘራቸው መሬቱን እየቆረቆሩ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«እንግዲህ… ሌላስ ወሬ?»

«ሌላው ሰላም ነው አያ» አልሁ።

ስወጣ ትልቁ አማች ሸኘኝ፤ ብቻቸውን አላገኘኋቸውም። መንገዴ ላይ ከንስሐ አባታቸው ከቄሱ ቤት ጎራ አልሁና ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ቄሱ ደስ አላቸው። «ደግ አደረግህ ልጄ። ይህ በታናሽ አፍ የሚነገር አይደለም። ሁዳዴውም ሊያልቅ ነው፤ የትንሣኤ ዕለት በክብር እነግራቸዋለሁ፤ የምሥራች ከምሥራች ጋር ይሆናል» አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ተሰናበትሁ። ሁሉን ነገር በሥርዓቱ አደረግሁ ብዬ ልቤ ረክቶ ነበር። ሥርዓት! እሳት ይብላውና!

አያ ደምሌ በሕማማት ሳምንት ሞቱ። ቄሱ የትንሣኤን ዕለት እየጠበቁ።

እኔ የሰማሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ለቅሶ ልደርስ ሄድሁ። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ያን ጊዜ ማንንም አልጠበቅሁም፤ የእሜቴን ቃል እንዳለ ነገርኋት። ምንም ሳልቀንስ። እማማ ጥሩነሽ አላለቀሰችም። እጄን ያዘች።

«ያን ዕለት አንተ እንደ ሄድህ» አለችኝ፣ «“አስማማው የእሜቴን ቃል ይዞ ነው የመጣው፤ ከዐይኑ ገብቶኛል” አለኝ። “ምሕረት ቢሆንማ ደጄን ሳይረግጥ ይነግረኝ ነበር። አልማሩኝም ማለት ነው” አለ። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላለት አለ። እኔ በአንተ ብበሳጭ ተቆጣኝ። “ተይው፣ ሸጋ ልጅ ነው” አለኝ፤ “በሰው ፊት እንዳላፍር ብሎ ነው ዝም ያለኝ።”»